አስር ትንፋሽ በማሽላው ጓዳ

ከሚሴ ውስጥ አንዲት ያገባች ሴት ባሏን ለጥቂት ቀን ከራሷ ለማራቅ የምታቀርበው፣ ማንም የማይከራከራት አንድ ምክንያት አለ፤ ሐይድ ላይ ነኝ ማለት። የወር አበባ ያለባት ሴት አትሰግድም፣ አትጾምም፣ ባሏም አይቀርባትም። እኔ ይህን ምክንያት ሁለት ዓመት ሙሉ ተጠቀምኩበት። መጀመሪያ በአምስቱ የእውነት ቀን ላይ ሁለት የውሸት ቀን ጨመርኩ። ከዚያ አራት። ከዚያ አስራ ሁለት። በኋላማ የትኛው የእውነት፣ የትኛው የውሸት እንደሆነ ለራሴም ይምታታብኝ ጀመር።

ባሌን ጠልቼው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ እኛ አገር ሴት ከባሏ ከራቀች ወይ ሌላ ወዳለች፣ ወይ ተደግሞባታል ነው የሚባለው። እኔን ያመኝ ነበር። የሚያመኝ ደግሞ ሰው ፊት የማይጠራው ቦታ ላይ ነው።

ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ሰባት ወር ሲሆነኝ ጀመረ። ብልቴ ደጅ ላይ ሚጥሚጣ የተነሰነሰ ይመስል ያቃጥለኛል። ቁስል የለም፣ እብጠት የለም፤ ማቃጠል ብቻ። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ከአስፋልቱ ዳር፣ ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት ትንሽ ዝቅ ብሎ አንድ ክፍል ሱቅ አለችኝ። ልብስ የሚሰፋ ሰው ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ነው የሚውለው፤ እኔ ደግሞ መቀመጥ አቃተኝ። በግራ ጭኔ እቀመጣለሁ፣ ሲደክመኝ በቀኙ፣ ከዚያ ተነስቼ ቆሜ እቆርጣለሁ። ባጃጅ መሳፈር ተውኩ፤ ድንጋዩ ላይ በተንገጫገጨ ቁጥር ዓይኔ እንባ ያቀራል። ደንበኞቼ "ምነው ዛሬስ ወንበሩ እሾህ አበቀለ?" እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ሆድ ይፍጀው።

እኛ ዘንድ ከእምብርት በታች ያለው ሁሉ ማህፀን ነው የሚባለው። እኔም ጤና ጣቢያ ሄጄ እንደዚያው ብዬ ተናገርኩ፤ ኢንፌክሽን ነው ተባልኩ፤ ኪኒን ዋጥኩ። አልተወኝም። ሌላ ኪኒን፣ ሌላ ቅባት። በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው ዙር የሽንቱም የደሙም ምርመራ ምንም አላሳይ አለ፤ ነጭ ጋዋን የለበሰው ልጅም ወረቀቱን እያየ "ምንም የለብሽም" አለኝ። ከበሽታው ይልቅ ይህ ቃል አሳመመኝ። ምንም የሌለበት ሰው እንዴት እንደ እኔ ይራመዳል?

ራሴን ለማዳን ያደረግኩትን ሳስበው ዛሬም ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል። ለሶላት ስታጠብ ሳሙና ጨመርኩ። ሳሙናው ሲያቃጥለኝ ሎሚ አደረግኩበት። ሎሚው ሲያቃጥለኝ ቆሻሻው አልለቀቀም ብዬ በልብስ ሳሙና አሸሁት። በቀን አምስት ጊዜ። ከዚያ አክስቴ ወይባ ይዛ መጣች። ወሎ ውስጥ የወለደች ሴት ትንሽ ጉድጓድ ላይ ተቀምጣ፣ በብርድ ልብስ ተሸፍና የወይባ እንጨት ጭስ ትሞቃለች፤ ገላ ይጠግናል፣ የላላውን ያጠብቃል ይባላል።

"ወልደሽ ላልተሽ ነው" አለችኝ አክስቴ። "ጠበቅ ስትይ ይተውሻል።"

ሦስት ቀን ጭሱ ላይ ተቀመጥኩ። በሦስተኛው ቀን ስነሳ እግሬን ገጥሜ መራመድ አቃተኝ። አክስቴ "ይኸው፣ ሠራ ማለት ነው" አለች።

መኝታውን በአጭሩ ልናገር። ባሌ ሲቀርበኝ ገና ሳይነካኝ ሰውነቴ ይቆለፋል። ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት፤ አንድ ጊዜ፣ አስር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ። ፊቴን አዙሬ ስለነበር ማልቀሴን አላየም። ሐይድ መጣብኝ ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋሸሁት አንድ ሌሊት እንደዚያ ባለቀስኩ ማግስት ነው።

ለምን አልነገርሽውም ትሉኝ ይሆናል። ምን ብዬ? በሽታው ስም የለው። ሐኪሙ ምንም የለብሽም ብሏል። ሐኪም ያላገኘውን ሕመም ለባል መንገር "አልፈልግህም" ከማለት የሚለይ አልመስል አለኝ። አንድ ጊዜ በዋሸሁ ማግስት ደግሞ እውነቱ ብቻውን አልመጣ አለ፤ ሊነገር የሚችለው ከነውሸቱ ነው። ውሸቱ በሰው ነገር ቢሆን ባልከፋ። የዲን ነገር ነው። ባሌ ብዙ ነገር ይቅር የሚል ሰው ነው፤ በሃይማኖት የቀለደች ሚስት ግን ይቅር ይላል ብዬ አላሰብኩም። ከታወቀብኝ ትዳሬ አለቀ፤ ካልዳንኩም አለቀ። በእነዚህ በሁለቱ መሃል ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ፣ እሱንም በአንድ ጭኔ።

እሱ የከብት ነጋዴ ነው። ከጨፋ ሸለቆ ገበሬዎች በሬና ላም እየገዛ ጨፋ ሮቢት ገበያ አውጥቶ ይሸጣል። ነገር አያበዛም። አንድ ቀን ዐሱርን ሰግዶ ከመስጊድ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ደጃፉ ላይ ቆመ።

"አንድ ነገር ጠይቄ መጣሁ" አለኝ። "ሸኹን። የማን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።"

"ምን ጠየቅክ?"

"ሐይድ ከአስራ አምስት ቀን አያልፍም አሉኝ። ከዚያ ያለፈው በሽታ ነው። ታጥበሽ ትሰግጃለሽ፣ ሐኪምም ዘንድ ትሄጃለሽ።" ከዚያ አንገቱን ደፋ። "ደሙ እንደዚህ ሲበዛብሽ ለምን አልነገርሽኝም? እኔ ባዕድ ነኝ?"

ጮኾ ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። "ቀንሷል፣ አልሐምዱሊላህ" አልኩት። ያን ወር ቀኖቹን ወደ አስራ ሦስት አወረድኳቸው።

ውሸቱ አስቀድሜ ያላሰብኩት ጣጣም ነበረው። ሐይድ ላይ ነኝ ያለች ሴት ስትሰግድ መታየት የለባትም። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ሶላት የተውኩበት ቀን የለም፤ ለባሌ መዋሸት አንድ ነገር ነው፣ አላህን መተው ሌላ። ስለዚህ ተደብቄ መስገድ ጀመርኩ። ሱቄ ውስጥ ደንበኞች ልብስ የሚለኩበት መጋረጃ አለ። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ መጋረጃውን ስቤ፣ ቤት ውስጥ ያሳለፍኩትን የንጋቱን ሱብሂ እንደ እዳ ቀዷ አወጣለሁ፤ ዙህርና ዐሱርንም እዚያው። የምሰግደው እየሮጥኩ ነው፤ ግንባሬ መሬት ነክቶ ሳይሞቅ እነሳለሁ። ሌባ እንኳ ሲሰርቅ ከኔ ይረጋጋል።

ረመዷን ሲመጣ ነገሩ ባሰ። የአማቴን ቤት ከእኛ ግቢ የሚለየው አጥር ብቻ ነው። ደግ ሴት ናት። እኔ ሐይድ ላይ ነኝ ባልኩባቸው ቀናት ቀትር ላይ ልጆቹ እንዳያዩ በነጠላዋ ሸፍና እንጀራ በምስር ወጥ ታመጣልኛለች።

"ኛዱ፣ ኢንተላ ኮ" ትለኛለች በኦሮምኛ፤ ብይ ልጄ ማለቷ ነው። "ብይ እንጂ፤ አላህ የፈቀደልሽን ምን ያሳፍርሻል?"

እኔ ደግሞ ጾመኛ ነኝ። እስክትወጣ ጠብቄ ግቢያችን ውስጥ ላለችው ፍየል እሰጣለሁ። ያን ረመዷን ፍየሏ ወፈረች። ሰው ሳይጾም ጾሜያለሁ ብሎ ይዋሻል፤ እኔ ጾሜ አልጾምኩም እላለሁ። ከበዓሉ በኋላ ደግሞ እዳ ያለበት ሰው መምሰል ስለነበረብኝ፣ የጾምኳቸውን ቀኖች እንደገና ጾምኩ። አማቴ ጎረቤት ፊት "ምራቴ ቀዷዋን ፈጥና ትጨርሳለች" ብላ አመሰገነችኝ። ያን ምስጋና ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ለባሌ ሻይ እየቀዳሁ "ሌላ ሴት አግባ" ልለው አፌን ከፈትኩ። ከልቤ ነበር። እሱ ቀና ብሎ ሲያየኝ "ስኳሩ በቃህ?" አልኩት።

አንድ ቀን ለከተማው አዲስ ለሆነች አዋላጅ ነርስ ቀሚስ ስለካ፣ ጎንበስ ብዬ ስነሳ ፊቴ ሲጨማደድ አየችኝ። ጠየቀችኝ። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም፤ ምናልባት የአካባቢው ሰው ስላልነበረች ይሆናል። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወዳለው ክፍሏ ወስዳ በጥጥ ጫፍ ብቻ ነካ ነካ እያደረገች አየችኝ። በጥጥ። እኔ የአልጋውን ብረት ጨብጬ ጮህኩ።

"ኢንፌክሽን የለብሽም" አለች። "ሕመም ግን አለብሽ።"

አለቀስኩ። "አለብሽ" ያለኝ የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ደሴ ያለ ሆስፒታል ውስጥ እንዲህ ያለውን የምታውቅ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አለች ብላ ወረቀት ጻፈችልኝ። ፊዚዮቴራፒ እኔ የማውቀው ለሰባራና ለሽባ ነው። ግን የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ባሌ ገበያ የሚውልበትን ቀን መርጬ፣ ጨርቅ ላመጣ ነው ብዬው ሄድኩ። ከከሚሴ ስንሰግድ የምንዞርበት ቂብላ ወደ ሰሜን ነው፤ የደሴም መንገድ ወደዚያው ነው። ሚኒባሱ ውስጥ በግራ ጭኔ ተደግፌ ፊቴን ወደ ቂብላ አድርጌ ሄድኩ፣ ከነውሸቴ።

ክፍሉ ውስጥ ግማሽ ጎናቸው የማይታዘዝላቸው ሽማግሌ ኳስ እየጨበጡ ነበር፤ እግሩ የተሰበረ ወጣት በገመድ ክብደት ይስባል። ባለሙያዋ ከእኔ አስር ዓመት ያህል ታንሳለች። አንገቷ ላይ የማተብ ክር አለ። ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገብታ በሩን ቆለፈች።

"ዶክተር" አልኳት።

"ዶክተር አይደለሁም፣ እታለም። የምሰጥሽ ኪኒንም የለኝም። የጠፍር አልጋ ታውቂያለሽ?"

"አባቴ ቤት እሱ ላይ ነው ያደግኩት።"

"ከፊት አጥንትሽ እስከ ጭራ አጥንትሽ እንደዚያ ጠፍር የተዘረጋ ጡንቻ አለ። የሽንት ፊኛሽንም ማህፀንሽንም ተሸክሞ የሚውለው እሱ ነው። አንዳንዷ ሴት ይላላባታል። ያንቺ ግን ከልክ በላይ ተወጥሯል። ሲያምሽ ትጨብጪዋለሽ፤ ስትጨብጪው ያምሻል። እንደዚያ እየዞረ ነው የቆየው።"

"እኔ እኮ ላልተሽ ነው ተብዬ ወይባ ሞቄያለሁ" አልኳት።

አልሳቀችም። ጓንት አድርጋ፣ እያንዳንዱን ነገር ከማድረጓ በፊት እየነገረችኝ፣ በአንድ ጣት መረመረችኝ። "እዚህ ከአስር ስንት ያምሻል?" ስትለኝ "አስራ ሁለት" አልኳት። እጇን አልመለሰችም፣ አልገፋችም፤ እዚያው ሆና "ተንፍሺ" አለችኝ። ልጅ ሳለሁ ስለተገረዝኩት ጠየቀችኝ። ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ነገርኳት። ሽንት ትይዣለሽ ወይ አለችኝ። ሱቄ መጸዳጃ የለውም፤ ከቀትሩ ዙህር እስከ ምሽቱ መግሪብ ለሶላት በታጠብኩት በአንድ ውዱእ እቆያለሁ፤ ሴቶቹ በዚህ ያደንቁኛል አልኳት። ውዱእ እንዳይፈታ በየቀኑ አምስትና ስድስት ሰዓት ጨምቄ ይዤው የምውለው ያው ጡንቻ መሆኑን ስትነግረኝ የምገባበት ጠፋኝ። ኩራቴ ነበር። ሳሙናውን፣ ሎሚውን፣ ጭሱን፣ ሽንት መያዙን በሙሉ ከለከለችኝ።

ከዚያ ምንጣፍ ላይ አንበርክካ አንድ አቀማመጥ አሳየችኝ። ጉልበት ሰፋ ይላል፣ መቀመጫ ተረከዝ ላይ ያርፋል፣ ክንድ ወደ ፊት ይዘረጋል፣ ግንባር መሬት ይነካል። ሆድ እስኪነፋ ወደ ውስጥ መተንፈስ፣ ታችኛው ሁሉ እንዲፈታ መተው፣ ቀስ ብሎ ማስወጣት። አስር ትንፋሽ፤ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት አንድ ጊዜ።

"ይሄማ ሱጁድ ነው፤ በሶላት ግንባር የምንደፋው" አልኳት።

"ይመስላል። ስትሰግጂ ስንት ትንፋሽ ትቆያለሽ?"

"ግማሽ" አልኳት፤ እውነቴን ነው።

ስወጣ በሩ ላይ ያዝ አደረገችኝ። "ባለቤትሽ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"እሱ ሳያውቅ እኔ የማደርስሽ ግማሽ መንገድ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም?"

ሰምቻለሁ። ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። መናገሩን ግን በሚቀጥለው ሳምንት አልኩ፣ በሚቀጥለውም በሚቀጥለው አልኩ።

ቤታችን ውስጥ ሰው የማይገባበት ቦታ የማሽላው ጓዳ ነው። ጆንያዎቹ እስከ ጣራ ተደርድረዋል፤ መሃል ላይ አንድ ሰው የሚዘረጋበት ቦታ ይቀራል። እዚያ ባዶ ስልቻ አንጥፌ አስር ትንፋሼን እተነፍሳለሁ። አንድ ነገር ግን አሳሰበኝ። ይህ ሶላት አይደለም፤ ሱጁድ ይመስላል እንጂ ሱጁድ አይደለም። ሁለት ዓመት በሐይድ የቀለድኩት አንሶ በሱጁድ ልቀልድ? ስለዚህ እንዳይምታታ ብዬ ጀርባዬን ለቂብላ ሰጠሁ። ፊቴን ወደ ደቡብ፣ ራሴን ገልጬ። አላህ ልዩነቱን ያያል አልኩ። የሰው ዓይን ምን እንደሚያይ አላሰብኩም።

በየሳምንቱ ደሴ ተመላለስኩ። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ሙሉ ቀሚስ ከወንበሬ ሳልነሳ ሰፋሁ። ጨርሼ ክሩን ስበጥስ ነው መቀመጤን ያስተዋልኩት። ያን ቀን በባጃጅ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። በእኛ አካባቢ ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ አንድ ቀን ጠዋት ሚኒባሶቹ አይንቀሳቀሱም፣ ሱቆች ይዘጋሉ፣ ሰው ስልክ ላይ ተተክሎ ይውላል። ሦስት ሳምንት ደሴ አልሄድኩም። ወሬው በከፋ ቁጥር ሰውነቴ ይጨበጣል። ማቃጠሉ እንደ ቀድሞው ሆኖ ተመለሰ፤ የባሰም መሰለኝ፣ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ትቶኝ ነበር። መዳን እንዳለ ከማወቄ በፊት እችለው ነበር። ካወቅኩ በኋላ መቻሉ ጠፋኝ። ሐይድ ላይ ነኝ አልኩ፤ በዚያው ወር ለሁለተኛ ጊዜ።

ባሌ ገበያ ሳይወጣ ሰንብቶ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ በእግርም ቢሆን ጨፋ ሮቢት እደርሳለሁ ብሎ ሁለት በሬ እየነዳ ወጣ። ልጆቹ አያታቸው ጋ ናቸው። እኔ ጓዳ ገባሁ፤ በሩን ገፋ አድርጌ ተውኩት። ግንባሬን ስልቻው ላይ አሳረፍኩ። ሰባተኛው ትንፋሽ ላይ መሬቱ ላይ ያለው ብርሃን ተሸፈነ። የከብት ሽታ መጣ። መንገዱ አያስኬድም ተብሎ ከመሃል ተመልሷል።

እኛ ዘንድ የሚሰግድ ሰው አይጠራም። ስለዚህ ቆሞ ጠበቀኝ። እኔም መነሳት አቃተኝ፤ ከፍርሃቴ የተነሳ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አስር ብዬ ቆጠርኩ። ከዚያ ቀና አልኩ።

"ለማን ነው የምትሰግጂው?" አለኝ።

ጥያቄው መጀመሪያ አልገባኝም። ፊቱን ሳየው ገባኝ። ይህ ሰው ኮርማ በቀንዱ ይዞ የሚጥል ሰው ነው፤ ከንፈሩ ደርቆ ነበር። ሁለት ዓመት ያየውን ሁሉ ደምሮታል። ሚስቱ ሶላት ትታለች። አልጋውን ትሸሻለች። ጨርቅ እያለች ደሴ ትሄዳለች፣ የምታመጣው ጨርቅ ግን ትንሽ ነው። አሁን ደግሞ ጓዳ ተዘግታ፣ ጸጉሯን ገልጣ፣ ጀርባዋን ለቂብላ ሰጥታ መሬት ላይ ተደፍታለች።

"ዛር ነው?" አለኝ በቀስታ። "ንገሪኝ። ማን ነው የያዘሽ? ዱዓ እናስደርጋለን። ብቻሽን አልተውሽም።"

"ሐኪም ያዘዘው ስፖርት ነው" አልኩት። ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

"ወላሂ በይ።"

ወላሂ አልኩ። ያኔ የቀረኝ እውነቱ ብቻ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ ግን በአንድ ጊዜ ነው የተዘረገፈው። ስለ ማቃጠሉ፣ ስለ ጥጡ፣ ስለ ጠፍሩ፣ ጠዋትና ከሰዓት ስለሚተነፈሰው አስር ትንፋሽ ነገርኩት። ጀርባዬን ለቂብላ የሰጠሁት ከሶላት እንዳይምታታ መሆኑን ነገርኩት። ሲሰማ ቆይቶ ጆንያው ላይ ተቀመጠ።

"ሐይዱስ?" አለ።

"አብዛኛው አልነበረም።"

"ረመዷንስ?"

"ከአምስቱ ቀን በቀር ጾሜያለሁ።"

"እናቴ ያመጣችልሽስ ምግብ?"

"ፍየሏ በላችው።"

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለታችንም በሳቅ እንፈርስ ነበር።

"ሶላቱስ?"

"ሱቅ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ኋላ። ተደብቄ።"

"ከማን?"

"ከአንተ።"

ከጆንያው የወደቀች ማሽላ ከመሬት አንስቶ በጣቱ ያሻሽ ነበር።

"ሰው የሚደብቀው ኃጢአቱን ነው" አለ። "ያመመሽን ብትደብቂኝ እሺ። አንቺ ሶላትሽን ደበቅሽብኝ። አንዲት ሴት አላህ ፊት ለመቆም ባሏን ከፈራች፣ ያ ባል ምን ቢሆን ነው?"

ተነስቶ ወጣ። ያን ቀን እናቱ ቤት አደረ፣ በማግስቱም፣ ከዚያም ቀጥሎ።

አጥር ብቻ ነው የሚለየን፤ ሳሉን እሰማለሁ። በሬዎቹን ሲያጠጣ ባልዲው ሲንኳኳ እሰማለሁ። ልጆቹ እየሮጡ ሄደው ይመጣሉ። እኔ ግን ያን አጥር ማለፍ አቃተኝ። አራት ቀን አስሩን ትንፋሽ ተውኩት። ለማን ብዬ? ከዚያ ደግሞ በንዴት ጀመርኩት፤ ትዳሬንም አጥቼ ሕመሜንም ይዤ አልቀርም ብዬ። በንዴት የተያዘ ሰውነት እንደማይፈታ ግን ያን ሰሞን አየሁት። ሱቅ ስከፍት ቆሜ እቆርጣለሁ፣ ቆሜ እውላለሁ። መጋረጃውን ክፍት አድርጌ ሰገድኩ። ያየኝ አየኝ፤ አሁን የምደብቀው የለኝም። ነጻ የወጣሁ ያህል ይሰማኛል ብዬ ነበር። አልተሰማኝም። ሞት የተነገረበት ቤት ውስጥ ቀባሪ እስኪመጣ የምጠብቅ መሰለኝ።

በስምንተኛው ቀን አማቴ መጣች።

"አካም ጅርታ፣ ኢንተላ ኮ" አለችኝ፤ እንደምን አለሽ ልጄ ማለቷ ነው። ከዚያ ግን መልሴን አልጠበቀችም። "ምን ተባባላችሁ? ልጄ እህል አይቀምስም።"

"እሱ ምን አለ?"

"ራሴን ያመኛል፣ የልጆቹ ጫጫታ ይረብሸኛል አለኝ። ስምንት ቀን ሙሉ ራስ ምታት አለ?"

ሁለት ዓመት ስዋሽ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ውሸት ሳይ አውቃለሁ። እናቱን እየዋሻት ነበር፣ እኔን ላለማዋረድ። አማቴ ስትወጣ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ። እንደዚህ ያለ ሰው ነው ያጣሁት አልኩ።

በአስራ ሁለተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እሱ ነው። በእጁ ለብ ያለ ውሃ የያዘ ማስታጠቢያ አለ። ዓይኔን አላየኝም።

"ተነሺ" አለኝ። "ሱብሂ ደርሷል።"

ንጹሕ ነሽ ወይ አላለኝም። በሁለት ዓመት ውስጥ ሳይጠይቀኝ፣ እኔም ሳልዋሽ የቆምነው ያን ቀን ብቻ ነው። ውዱእ አደረግኩ፤ ውሃው ብቻ ነበር፣ ሳሙና የለ፣ ሎሚ የለ። ምንጣፉን ወደ ደሴ መንገድ በኩል አነጠፈ። እሱ ፊት ቆመ፣ እኔ አንድ እርምጃ ከኋላው። እያቃጠለኝ ነበር።

ባሌ ፈጣን ሰጋጅ ነው። ከብት የሚጠብቀው ሰው ሱጁድ አያረዝምም፤ አላህን የሚያወድስበትን ተስቢሕ ሦስት ጊዜ ብሎ ይነሳል። ያን ቀን ግን ግንባራችን መሬት ነካ፤ ይነሳል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልተነሳም። አመመው እንዴ አልኩ። እያለቀሰ ይሆን አልኩ። ጆሮዬን ብሰጥ ትንፋሹ ይሰማል፤ ወደ ውስጥ ረጅም፣ ወደ ውጭ ረጅም። እየቆጠረ ነው። ያኔ እኔም ሆዴን ለቀቅኩ፣ ጉልበቴን ሰፋ አደረግኩ፣ ከሱ ጋር ተነፈስኩ። አምስት፣ ስድስት። እዚያ ታች ለሦስት ሳምንት ተጨብጦ የከረመው ነገር ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ላላ። አስር ላይ "አላሁ አክበር" ብሎ ቀና አለ።

ሁለተኛውም ሱጁድ አስር ነበር።